የኪዳነ ምሕረት ቅርንጫፍ

አሳምነውን ከውኃ ማጠራቀሚያው ያወጡት ረቡዕ ጠዋት፣ ዝናብ እየዘነበ ነበር። ማጠራቀሚያው ፃግብጂ ውስጥ፣ በሁለት ወንዞች መካከል ባለ ጉብታ ላይ የተሠራ ትልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። አሳምነው ማጣሪያውን ሊያጸዳ በመሰላል ወደ ባዶው ጉድጓድ ወርዶ ሳለ የውኃ መሳቢያው ሞተር በራሱ ተነሳ። ከወፍራሙ ቧንቧ የወጣው ውኃ ከመሰላሉ ጠርጎ ጣለው፤ ግንባሩ ሲሚንቶው ላይ አረፈ፤ ከዚያ ውኃው ሸፈነው።

ሞተሩን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ የጉድጓዱ ክዳን ክፍት ከሆነ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል ፕሮግራም ተጭኖበታል ተብሎ ይታመን ነበር። ያን ጠዋት ክዳኑ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አስነሳው።

ኢንስፔክተር ምስራቅ ከወረዳው በበቅሎ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ዝናብ ትጠላለች፤ በቅሎ የባሰ ትጠላለች፤ ከሁሉም አብልጣ የምትጠላው ግን ገና ሳትጠይቅ መልስ የሚያቀብላትን ሰው ነው። እሷ እንደተሻገረች የኋላዋ ወንዝ ሞላ። በሰቆጣ በኩል ያለው ቀድሞ ሞልቷል። መርማሪዋም፣ ተጠርጣሪዎቹም፣ በቅሎዋም ጭምር በአንድ የሽቦ አጥር ውስጥ ታጎሩ። ኔትወርክ የለም። በየትኛውም መስኮት ቢመለከቱ የሚታየው ያው ጉድጓድ ነው።

የአገሬው ሰው ሬሳውን የአሳምነው አባት በሚቀድሱበት፣ ጉብታው ላይ ባለው ደብር ቀብሮ ተመልሷል። ግቢው ውስጥ በር ከሚጠብቀው ሚሊሻ ሌላ ሦስት ሰዎች ቀርተዋል። ዘመነ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ነው፤ በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው። ሰገነት የደሃና ወረዳ ልጅ ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ከአሳምነው ጋር ፕሮግራም ስትጽፍ ነበር። ዲያቆን ለተጊዮርጊስ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆን አፉን የፈታው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን አሳጥሮ ይናገራል።

ምስራቅ የዝናብ ካፖርቷን ሳታወልቅ ዘመነ ላፕቶፑን ዘረጋላት።

«እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ ኢንስፔክተር። ነገሩ ያሳዝናል እንጂ አያከራክርም።»

«ካላከራከረ ቀስ ብለው ያስረዱኝ» አለችና ተቀመጠች።

ዘመነ ማስረዳት ይወዳል። የፕሮግራሙን ዋና ቅጂ «ግንድ» ይሉታል። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሊሞክር ሲፈልግ ግንዱን አይነካም፤ ከግንዱ ላይ «ቅርንጫፍ» ከፍቶ እዚያ ላይ ይሠራል። ሥራው ከተወደደ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ይዋሃዳል፤ ካልተወደደ ይጣላል። እዚህ ኢንተርኔት ስለሌለ ውህደቱ የሚደረገው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በዘመነ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ያን ዕለት በቦታው ያለ ሰው አዲሱን ግንድ በፍላሽ ይቀበላል፤ የሌለ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ በአሮጌው ይሠራል።

«ቅርንጫፎቹን በተከፈቱበት ዕለት ታቦት እንጠራቸዋለን» አለ ዘመነ። «አሳምነው የቄስ ልጅ ስለነበር ያመጣው ልማድ ነው። በዐሥራ ሁለት የተከፈተ ሚካኤል፣ በሃያ ሦስት የተከፈተ ጊዮርጊስ። ሞተር ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያገኘሁት ደግሞ ይኸው።»

«ኪዳነ ምሕረት» ብላ አነበበች ምስራቅ።

«ያለፈው ሐሙስ፣ ዐሥራ ስድስት። ባለቤት፦ ሰገነት። የክዳኑን ክልከላ አንስታዋለች። ለሙከራ ይሆናል። ያን ዕለት ለሥራ ወደ ጽጽቃ ስትጣደፍ ሳትመልሰው ሄደች። ልጅ ናት፣ ኢንስፔክተር፤ አይጨክኑባት።»

«የባለቤቱን ስም ማን ነው የሚጽፈው?»

«ሠራተኛው ራሱ፤ ኮምፒውተሩን መጀመሪያ ሲያዘጋጅ።»

«ቀኑንስ?»

«ከኮምፒውተሩ ሰዓት ይወሰዳል።»

«ቅርንጫፍ አከፋፈት ላይ ደንብ አላችሁ?»

«አንድ ብቻ፤ ያውም የኔ ነው። ማንም ሲከፍት በእጁ ካለው ግንድ ጫፍ ይጀምር። ከአሮጌ የጀመረ ሥራ ሲዋሃድ ያጣላናል። እኔ በእንቅልፌም ብሆን ከጫፍ ነው የምጀምረው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ለሐዘን ቤት ትንሽ በዛ።

ሰገነትን የቆለፉባት ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በቧንቧዎችና በሲሚንቶ ከረጢቶች መካከል ነው። ምስራቅ ስትገባ ተነስታ ቆመች።

«ተቀመጪ። ይህን ቅርንጫፍ ከፍተሻል?»

«አላስታውስም። ሐሙስ በችኮላ ነው የወጣሁት። ግን ስሜ አለበት።» እጆቿን አፍተለተለች። «ረስቼው ይሆን እንዴ እላለሁ። ሐሙስን ከጠዋቱ ጀምሬ ላስታውስ እሞክራለሁ፤ በሞከርኩ ቁጥር ሌላ ሐሙስ ይመጣብኛል። አንዳንዴ ስከፍተው ራሴን አየዋለሁ።»

«ከጽጽቃ መቼ ተመለስሽ?»

«ማክሰኞ፣ ሲመሽ።»

«እንግዲያ የቅዳሜውን ግንድ አልተቀበልሽም።»

«አልተቀበልኩም። አቶ ዘመነ ቅዳሜ እሰጥሻለሁ ብለውኛል።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «‹ስህተት ነው ብለሽ ፈርሚ፤ ወጣት ስለሆንሽ ይቀልልሻል› አሉኝ። ወንዙ ሲጎድል የፖሊስ መኪና ይመጣል አይደል? እህቴ ዓረብ አገር ናት። እኔ ነኝ ተምሬ እዚሁ እቀራለሁ ያልኩት። እናቴ ‹ልጅሽ ሰው ገደለች› መባሉን ከገበያ ስትሰማ…»

ምስራቅ በሙያዋ የሚያለቅሱ ውሸታሞች አይታለች። ራሱን በራሱ ላይ ምስክር አድርጎ የሚያቆም ውሸታም ግን አላጋጠማትም። ልጅቷ አሳዘነቻት፤ ማዘኗ ደግሞ አናደዳት።

«እኔ ሳልነግርሽ እንዳትፈርሚ» ብላ ወጣች።

ዲያቆን ለተጊዮርጊስ ጋቢውን ደርቦ የአጥሩ በር አጠገብ ቆሟል።

«የእመቤታችንን ስም!» አላት ገና ስትቀርብ። «ሰው ለገደለ ነገር! ይህ ነው ያንገበገበኝ።»

«ማክሰኞ ከአሳምነው ጋር ተጣልታችኋል አሉኝ።»

«ተጣላን። ብቻህን ጉድጓድ አትውረድ አልኩት። ‹ክልከላው ተመልሷል፤ አቶ ዘመነ የቅዳሜውን ግንድ ጭኛለሁ ብሎኛል› አለኝ። ሳቀብኝ።»

«ተመልሷል? ተነስቶ ነበር እንዴ?»

«ለፕሮጀክቱ ምርቃት። ክዳኑ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ውኃ ገባው፤ ክዳኑ ተዘግቶም ክፍት ነው እያለ ሞተሩን ያቆማል። እንግዶች ፊት እንዳያሳፍር ለዚያ ቀን ብቻ ይነሳ ተባለ። አቶ ዘመነ ማታውኑ መለስኩት አለን፤ አመንን። አሳምነው ቅዳሜ ሲያይ አልተመለሰም። ራሱ መለሰው።»

«ያ ምሰሶ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ደወል። እሱም የአሳምነው ነው፤ ቅዳሜ ገመዱን እኔ ሳብኩለት። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ቀድሞ ይጮሃል አለኝ። ፕሮግራሙን ጽፎ ለአቶ ዘመነ ሰጠ፤ ተዋሃደ።»

«ረቡዕ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ፣ ሽቦ እየጠገንኩ።»

«ምን ሰሙ?»

«ሞተር። ከዚያ የሰው ጩኸት።»

«ደወሉስ?»

«ደወል የለም።» ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። «ቢጮህማ ሮጬ አወጣው ነበር፣ ወይዘሮ። ከዚህ እዚያ ምን ያህል ያስሮጣል?»

«ሬሳውን ወደ ደብሩ ስትሸኙ ሁላችሁም ሄዳችሁ?»

«አቶ ዘመነ ቀረ። ሞተር ክፍሉን ልቆልፍ ብሎ።»

በማግስቱ ሐሙስ፣ ከቁርስ በኋላ ምስራቅ የዘመነን ላፕቶፕ «ለማስረጃ» ብላ ወሰደችና ሰገነት ፊት አስቀመጠችው። «ይህን ኪዳነ ምሕረት የምትሉትን እንዳለ አንብቢልኝ። ለአላዋቂ እንደምታነቢ።»

ሰገነት አነበበች። ስለ ግፊት፣ ስለ ውኃው ልክ። ክልከላው የተነሳበት ቦታ ስትደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ትንሽ ወረድ ብላ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄ ደግሞ… ደወል? የምን ደወል?»

«ግቢው ውስጥ ያለውን ደወል አታውቂውም?»

«ደወል የለንም እኮ።»

ምስራቅ ፃግብጂ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ይህ ቅርንጫፍ ከየትኛው ግንድ እንደበቀለ ማየት ይቻላል?»

ሰገነት ሁለት ሦስት ቁልፍ ተጫነች። ያየችውን እንደገና አየችው። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«እንዳትናገሪ» አለቻት ምስራቅ። «ዛሬ ተኚ። እስካሁን አልተኛሽም መሰለኝ።»

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አባራ፤ ወንዙ መጉደል ጀመረ። ዘመነ ማልዶ ሰገነት የምትፈርምበትን ቃል በራሱ የእጅ ጽሑፍ አሰናድቶ መጣ። ምስራቅ ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችውና ሁሉንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበች። ሰገነት ከሚሊሻው አጠገብ ቆመች።

«ዲያቆን፣ ክዳኑን ይክፈቱት። አቶ ዘመነ፣ አሳምነውን የገደለው ቅርንጫፍ እስካሁን ሞተር ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ነው?»

«አዎ።»

«ከረቡዕ ወዲህ ማንም አልነካውም?»

«ማን ይነካዋል? ቆልፌ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ያስነሱት። እንዴት እንደገደለው ልየው።»

ዘመነ ገባ። ምሰሶው ላይ ያለው ደወል ድንገት እየተንጫረረ ጮኸ፤ በቅሎዋ ደንብራ ገመዷን ወጠረች። ደወሉ ዝም ሲል ሞተሩ ተነሳ፤ ውኃው ባዶው ጉድጓድ ውስጥ እየተምዘገዘገ ወደቀ። ዲያቆኑ አማተበ። ዘመነ ሞተሩን አጥፍቶ ሲወጣ ሁሉም እሱን ያየው ነበር።

«ረቡዕ ደወል ሰማችሁ?» አለች ምስራቅ።

«አልሰማሁም» አለ ዲያቆኑ።

«እኔም» አለች ሰገነት።

«አልጮኸም» አለ ሚሊሻው ሳይጠየቅ።

«እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ሞተሩን ያስነሳው ሌላ ፕሮግራም ነው። ይህኛው የተጫነው አሳምነው ከሞተ በኋላ ነው። እርስዎ ደግሞ ክፍሉን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልነካውም ብለውናል።»

ዘመነ ከንፈሩን አረጠበ። «ደወሉ ረቡዕ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።»

«እሺ፣ ተበላሽቶ ይሁን። ሰገነት ይህን ቅርንጫፍ ሐሙስ ከፈተች አሉኝ። ደወሉ የተሰቀለው ቅዳሜ ነው፤ እሷ ያኔ ጽጽቃ ነበረች። ያልተሰቀለ ደወል እንዴት አድርጋ ትጽፋለች? ደግሞም አልጻፈችውም። ከቅርንጫፉ ሥር ያለው ግንድ የቅዳሜው ነው፤ የደወሉ ሥራ እዚያ ላይ በአሳምነው ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ሐሙስ የተከፈተ ቅርንጫፍ ቅዳሜ ከመጣ ግንድ ይበቅላል?»

ምስራቅ ወደ ዘመነ አንድ እርምጃ ቀረበች።

«ስሙን እንዳሻዎ ጽፈውታል። የኮምፒውተሩን ሰዓት ወደ ሐሙስ መልሰው ቀኑን አስተካክለዋል። የታቦቱንም ስም አልሳቱም። ግንዱን ግን ረሱት፤ እንደ ልማድዎ ከጫፍ ጀመሩ። የቅዳሜው ግንድ ያለው ደግሞ በሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ የአሳምነው ላፕቶፕ ነው፤ ሬሳው እንደወጣ ይህ ሰው ወስዶ አሽጎታል።» ወደ ሚሊሻው ጠቆመች። «ሞተር ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ረቡዕ ደወሉ ይጮህ፣ ክልከላውም ይሠራ ነበር። ሰገነት ገና አልተቀበለችም። ዲያቆን ላፕቶፕ የላቸውም። ሌላው ቦታ የእርስዎ ላፕቶፕ ነው።»

ዘመነ የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሚያብረቀርቀውን ጫማ ጭቃ ዋጠው።

«ሌላ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «መቆጣጠሪያው ገና አልተጠገነም። የአሳምነውን ሥራ ብጭነው ሞተሩ እንግዶቹ ፊት እንደገና ይቆማል። ሳላነበው አዋሃድኩት፤ ሳልጭነው ጭኛለሁ አልኩት። ጎብኚዎቹ እስኪሄዱ ብዬ ነው። ይወርዳል ብዬ አላሰብኩም። ልገድለው አልፈለግኩም።»

«አውቃለሁ» አለች ምስራቅ። «ረቡዕ ይህንኑ ቢነግሩኝ ኖሮ ማታ ለአሳምነው አባት አብረን ሄደን እንናገር ነበር። እርስዎ ግን ሰው ገና ሬሳ ተሸክሞ እየሄደ ሳለ ሌላ የሚቀበር ፈለጉ።»

ሰገነት ወደ ፊት ራመድ አለች። ሚሊሻው አልከለከላትም።

«ለምን እኔን?»

ዘመነ ቀና ብሎ አያት። «አንቺ ወጣት ነሽ። ይቅር ይሉሻል ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ እኮ አምኜዎት ነበር» አለች። «በሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ አሳምነውን ይቅር በለኝ ስለው ነው የሰነበትኩት። ላልሠራሁት! ሌላ አንድ ቀን ብቻ ቢጨምሩልኝ ሐሙስ እንዴት እንደከፈትኩት ቁጭ ብዬ እነግራችሁ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ዘመነን ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስገብተው ቆለፉበት። ከቀትር በኋላ ደጋው ላይ እንደገና ዘነበ፤ ወንዙ ሞላ፤ መኪናው አልመጣም። ምስራቅ ዘመነ የጻፈውን ቃል ከኪሷ አውጥታ ለሰገነት ሰጠቻት፤ ሰገነት ሳታነበው ቀደደችው።

ወደ ማምሻው ዘመነ በሩን አንኳኳ፤ ውኃ ጠማኝ አለ። ሚሊሻው ከበቅሎዋ ጋር እየታገለ ነበር፤ ዲያቆኑ እንዳልሰማ ሆነ። ሰገነት ብዙ ቆማ አሰበች። ከዚያ አንድ ኩባያ ቀድታ በሩን አስከፈተችና ሰጠችው። «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እሷ ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠብቃ ኩባያውን ተቀበለችው።