የተሸረፈው ጆሮ

ሽማግሌው የጄሶ ባለሙያ ጠዋት በወርክሾፓቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸው በከባድ ነገር ተመቷል፤ የተመቱበት ነገር ግን የለም። «ቤቱ ይሸጥ» እያለ ትናንት ሲጨቃጨቃቸው ጎረቤት የሰማው ወንድ ልጃቸውን ስለሆነ፣ ፖሊሶቹ ካቴናውን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሰው መቼም የቸኮለ ፍርድ አይጠላም።

መርማሪዋ ግን አትቸኩልም። መደርደሪያው ላይ ብቻዋን የተቀመጠችውን የጄሶ ራስ ትኩር ብላ አየች። የባለሙያው ሟች ሚስት መልክ ናት፤ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተሸርፏል። ጉንጯን በመዳፏ ስትነካው ቀዘቀዛት።

«ማን ሰበራት?»

«እኔ፣ ልጅ ሆኜ» አለች ሴት ልጃቸው። «ከዚያ ወዲህ አባዬ እጄን አላመነም። እዚህ ቤት ከረገጥኩም ዘመን ሆኖኛል። ዛሬም ሞቱን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ቁርጥ እናትሽን ነሽ።»

«እሱን አይበሉኝ!» ፊቷ ጠቆረ። «ሰው ሁሉ ምርቃት ይመስለዋል። ቁርጥ እናቷን፣ ቁጭ እናቷን፣ ግልባጯ! አባዬ ግን አይቶኝ ይተነፍስና ‹ግልባጭ እንደ ዋናው አይሆን› ይላል። እኔም እኮ ሰው ነኝ።»

መርማሪዋ እንዲህ ያለ ራስ እንዴት እንደሚሠራ ስትጠይቅ፣ የወርክሾፑ ዋና ሠራተኛ አንገቱን ደፍቶ መለሰ። «ጄሶውን በጥብጠን ፎርማው ውስጥ እናፈሳለን፤ ሲጠነክር መልኩ ይወጣል። የእትዬ ፎርማ ያው ጥግ ላይ ነው። ጋሼ ግን ሁለተኛ እንዳይወጣ ከልክለው ነበር።»

«ማፍሰስ የሚችል ማነው?»

«ሦስታችንም፤ እኔም ሁለቱ ልጆቻቸውም። እሷማ ከሁላችን ትበልጥ ነበር።»

«አንተስ?» አለች ወደ ወንድ ልጃቸው ዞራ። «ስትጨቃጨቁ አባትህ ምን ይሠሩ ነበር?»

«መች ሰማኝና! የእማዬን ጆሮ ይጠግናል። ይሄው ጄሶ ሲያቀብለው ነበር» አለ ሠራተኛውን እያመለከተ። «ጨርሶ መደርደሪያው ላይ መለሳት። ተያይዘን ወጣንና በር ላይ ተለያየን።»

መርማሪዋ ሦስቱንም መደርደሪያው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው የተመቱት በዋናዋ ራስ ነው። ደም የነካው ስብርባሪዋ ከጄሶ ቆሻሻው ክምር ውስጥ ተገኝቷል። ባዶ መደርደሪያ ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ ገዳዩ ከፎርማው አዲስ አወጣ። ይህቺ ገና አልደረቀችም።»

«ያንንማ ሁላችንም እንችላለን» አለ ሠራተኛው።

«ትችላላችሁ። ግን ፎርማው የተሠራው ጆሮው ከመሸረፉ በፊት ነው። ከውስጡ የሚወጣው ሙሉ ጆሮ ነው። ይህንን ሰው ሆን ብሎ ሸርፎታል፣ ዋናዋን እንድትመስል ብሎ። እናንተ ሁለታችሁ ጆሮው ሲጠገን አይታችኋል፤ ብታወጧት ሙሉዋን ትተዋት ነበር። መሸረፉን እያወቀ መጠገኑን ያልሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሴት ልጃቸው አልካደችም።

«ልታረቀው ነበር የመጣሁት» አለች። «እሷ ላይ አፍጥጦ ጀርባውን ሰጠኝ። ‹ቆይ፣ እስክትደርቅ› አለኝ። ከሞተችም በኋላ እሷ ትቅደም? ጆሮዋን እንኳ ሳላይ ከመደርደሪያው መንጭቄ…» ከዚያ ግራ ተጋብታ ወንድሟን አየችው። «ግን ለምን ጠገናት? ስንት ዘመን ስብራቷን እያሳየ ሲወቅሰኝ ኖሮ?»

ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ላንቺ ሊሰጥሽ ነበር፣ እቴ። ‹ስብራቱን ይዤ እንዴት ይቅር በይኝ እላታለሁ› ብሎኛል። እስክትደርቅ ነበር የሚጠብቀው።»

ሴትየዋ የተሸረፈውን ጆሮ በጣቷ ነካችው። ገና እርጥብ ነበር። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲቀርብ እጆቿን ራሷ ዘረጋችለት።