የሐሞር ገደል መሐለኞች

በዘንጎር ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ፣ ከሰባት ትውልድ በፊት ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ አንድ የነሐስ ቱንቢ ነበር። ነፋስ ገብቶ መጋረጃውን ሲያራግብ እንኳ ቱንቢው ንቅንቅ አይልም ነበር። ንጉሥ አርማዝ በነገሠ በዐሥራ አንደኛው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ አርባ ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ ያ ቱንቢ ወደ ሰሜን አዘነበለ። አዘነበለና እንደዚያው ቀረ።

ትርጉሙን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። በስተሰሜን የሐሞር ገደል አለ፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ዋልጋር የተባለው የውሃ አውሬ ይተኛል። በየመቶ ዓመቱ ከመጀመሪያው ጎርፍ ጋር ይነቃል፤ ሲነቃም ማዶ ያለውን ዝቅተኛ አገር ጠራርጎ ይውጣል። ማዶ ሰባት መንደሮች ነበሩ። የድሮው ድልድይ ባለፈው መከር ተንዷል፤ የንጉሡ አንድያ ልጅ ሚራናም ለመከር በዓል እንደሄደች መመለሻ አጥታ እዚያው ቀርታለች።

ንጉሡ በሦስተኛው ቀን ማዶ ያሉትን የሚያሻግር አዲስ ድልድይ ለማሠራት መሐለኞችን ሰበሰበ። በዘንጎር ትልቅ ሥራ የሚጀመረው መሠረት በመቆፈር አይደለም፤ በመሐላ ነው። ባለቤቱ፣ ነዳፊው፣ ገንቢውና መርማሪዋ አንዲት ገመድ አብረው ይዘው ይምላሉ። የዚህ ሥራ ባለቤት ንጉሡ ራሱ ነበር። ነዳፊው አባ ቀርሚስ ይባላል፤ ዓይኑ ደክሞ እጁ ያልደከመ፣ ከሰል ካልያዘ እህል የማይበላለት ሽማግሌ። ገንቢው ባልጋድ ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ድምፁ ደግሞ ከደረቱ የባሰ። ሦስት መቶ ግንበኛ በእሱ ቃል ይነሣል፣ በእሱ ቃል ይቀመጣል። መርማሪዋ ሰልሚና ናት። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት፣ ቁመቷ አጭር፤ መምህሯ ሞተው የመርማሪነቱን መዶሻ ከተረከበች ገና ስምንት ወሯ ነው።

ባልጋድ ቁልቁል አያትና «ይቺ ናት ሥራዬን የምታይልኝ? መሰላል አምጡላት እንጂ!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው። ሰልሚና አልሳቀችም። ገመዱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«እኔ ባለቤቱ የምሻውን እናገራለሁ፤ ግንበኛን ግን አላዝዝም» ብሎ ማለ ንጉሡ።

«እኔ ነዳፊው መስመሩን አሰምራለሁ፤ ድንጋዩን ግን አልነካም» አለ አባ ቀርሚስ።

«እኔ ገንቢው የተሰመረውን አቆማለሁ፤ ከመስመሩ ፈቀቅ አልልም፤ የሆነውንም አልደብቅም» አለ ባልጋድ።

«እኔ መርማሪዋ አላነሣም፣ አልጥልም፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ» አለች ሰልሚና። «የድልድዩን ቅስት የተሸከመው እንጨት የሚነቀለው በእኔ ቃል ነው። ሲነቀልም ከቅስቱ ሥር እቀመጣለሁ።»

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ቀልድ አይደለችም። መርማሪ መጥፎውን ሥራ ደህና ነው ካለች፣ ሥራው መጀመሪያ የሚናደው በራሷ ላይ ነው። ዘንጎሮች ለመርማሪ ምላስ ከዚህ የተሻለ ልጓም አላገኙም።

አባ ቀርሚስ በበግ ቆዳ ላይ የሣለው ቅስት ከኬልቃ ተራራ ጥቁር ድንጋይ እንዲሠራ ያዝዛል። የዋልጋር ጥፍር እንጨት ይቆነጥጣል፤ ተራውን ድንጋይም እንደ ዳቦ ይቆርሳል፤ በኬልቃ ድንጋይ ላይ ግን ይንሸራተታል። ስለዚህ ግንበኞቹ የእንጨቱን ድጋፍ ሲያቆሙ፣ ሦስቱ መሐለኞች በሬ የሚጎትታቸውን ሸርተቴዎች አስከትለው ወደ ኬልቃ ወጡ።

የተራራው መንገድ ግራና ቀኙ በድንጋይ ሰዎች የተሞላ ነበር። የጦር አለቃው፣ ባለ ዘውዱ፣ ሁሉም አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀርተዋል። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ የተራራው ጠባቂ ዞራክ ተነሣ፤ ቁመቱ ከዋርካ ይበልጣል፣ ጺሙ ሽበት ሳይሆን ጠጠር ነው።

«ሥራችሁ ምንድን ነው?» አለ። «ከልኩ አንዲት ቃል የጨመረ እዚሁ ይቆማል።»

አባ ቀርሚስ «መስመር አሰምራለሁ» ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ባልጋድ ነበር፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ገና ደረቱን ሲነፋ ሰልሚና ፈራችለት።

«የዘንጎርን ግንብ ሁሉ ያቆምኩት እኔ ባልጋድ—» ከማለቱ እግሮቹ እስከ ጉልበቱ ግራጫ ሆኑ።

ሰልሚና ክንዱን ለቀም አደረገችው። «ጋሼ ባልጋድ! ሌላውን ተወውና፣ ትናንት ምን ሠራህ?»

ላቡ ችፍ አለ። «ትናንት... ማን ምን እንደሚይዝ ነገርኩ። ያነሡት ልጆቹ ናቸው።»

ግራጫው ወደ መሬት ወረደ። ሰልሚና በተራዋ «ድንጋይ አንኳኳለሁ፤ የሰማሁትን እናገራለሁ» ስትል፣ ዞራክ ተራራው እስኪርገበገብ ሳቀና መንገዱን ለቀቀ።

«የሰማሽውን መናገር ቀላል መስሎሽ ነው» አላት ስታልፍ።

ደህናው የኬልቃ ድንጋይ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ይታፈናል። ሰልሚና አንድ በአንድ እያንኳኳች መረጠች። ባልጋድ የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ ቀድሞ ወረደ። እሷና አባ ቀርሚስ ቀሪውን ጭነትና ቅስቱን የሚዘጋውን የመሃል ድንጋይ ይዘው ተከተሉ፤ ግን በመንገድ ላይ ሁለት በሬ ሞተባቸውና ዐሥር ቀን ዘገዩ። ሐሞር ሲደርሱ ለጎርፉ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ቅስቱ ተቃርቧል። ሰልሚና ደስ እያላት በእንጨቱ ላይ ወጣችና መዶሻዋን አወጣች። አንኳኳች፣ ጮኸ። አንኳኳች፣ ጮኸ። በሰሜኑ ጎን አንኳኳች፤ ታፈነ። ቀጥሎ ያለውም ታፈነ። በጥፍሯ ብትፍቀው ጥቁሩ ቀለም ለቀቀ፤ ከሥሩ ቀይ ነበር። ሦስት ሙሉ ረድፍ የወንዝ ዳር ቀይ ድንጋይ፣ ጥላሸት ተቀብቶ!

የግንበኞቹን ዋና ኡርጌን አስጠራችው።

«ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ፣ እመቤቴ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ንጉሡ ራሳቸው መጡ። ሙክት አረዱልን። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ‹ጥቁሩን መጠበቅ አንችልም፣ ከቅርቡ ሙላበት› አሉኝ። እምቢ ልበል?»

«ጥላሸቱስ?»

«እሱ የኔ ነው። ዓይን እንዳያስቀይም ብዬ።»

ሰልሚና ወደ ባልጋድ ዞረች። ያ ጩኸታም ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ወረደ። «አይቻለሁ» አላት። «መልእክተኛ ልሰድላችሁ ይገባ ነበር፤ ምያለሁ። ግን ንጉሥን በሠራተኞቹ ፊት ማሳፈር ከበደኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይሉኝታ! ጎርፍ ካፈረሰው ቤት ይልቅ ይሉኝታ ያፈረሰው ይበልጣል። ንጉሡ ለልጁ ሲል ኡርጌን አዘዘ፤ ኡርጌ ለሙክቱ ሲል እሺ አለ፤ ባልጋድ ለንጉሡ ክብር ሲል ዝም አለ። ክፉ ልብ ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ድልድዩ ግን ተበላሽቷል።

ንጉሡ የሰልሚናን መምጣት ሰምቶ እየገሰገሰ ደረሰ። «ቃልሽን ስጪና እንጨቱ ይነቀል!» አለ። «የመሃሉ ድንጋይ ዛሬ ይግባ!»

«አልሰጥም፣ ንጉሥ ሆይ።»

እጁ ወደ ሰይፉ ሄደ። «ልጄ ማዶ ናት! ይገባሻል? ልጄ!»

ሰልሚና ፈርታለች፣ መፍራቷንም ሁሉ አየ። ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ይገባኛል። ዋልጋር ጥፍሩን የሚተክልበት ቀይ ድንጋይ ሠርተን ‹ነይ› ብንላት፣ የምንጠራት ወደ ጉሮሮው ነው። ራሴን መውሰድ ይችላሉ። ቃሌን ግን አይችሉም።»

አባ ቀርሚስ ቆዳውን ዘርግቶ በጣቱ ሲቆጥር ቆየና ቀና አለ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። መልቀሙ ግን አሁንም ይቻላል። ያለው እጅ ሁሉ ከተባበረ፣ ስምንት ቀን።»

ንጉሡ ሰይፉን ፈትቶ አስቀመጠ። ካባውን አወለቀ። በልማድ ወደ ኡርጌ ዞሮ አንድ ነገር ሊለው ሲል ቆም አለ፤ ተመልሶም ባልጋድ ፊት ቆመ።

«ገንቢው ሆይ፣ የት ልሁን?»

ባልጋድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኖራ ማቡካት ይችላሉ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ውሃ ያመላልሱ።»

ዘንጎር እንደ እነዚያ ስምንት ቀናት ሠርታ አታውቅም። ንጉሡ እንስራ ተሸከመ። አባ ቀርሚስ ከመስመሩ ዳር አልተለየም። ኡርጌ በገዛ እጁ የካባቸውን ቀይ ድንጋዮች አንድ በአንድ ነቀለ። ባልጋድ ድምፁ እስኪዘጋ አዘዘ። ሰልሚና አንድም ድንጋይ አላነሣችም፤ የምታነሣበት እጇ እየበላት እንኳ አንኳኳች፣ ሰማች፣ «ይሁን» ወይም «ይውጣ» አለች። በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የመሃሉ ድንጋይ ገባ።

ሰማዩም ያን ጊዜ ተቀደደ። ጎርፉ ከላይኛው ሸለቆ እያገሳ መጣ፤ ከጎርፉ ውስጥ የዋልጋር ጀርባ ብቅ አለ፤ ቅርፊቱ የወፍጮ ድንጋይ ያህላል። ቀና ብሎ አየ። ድንጋዩን ሞከረ፤ ተንሸራተተ። እንጨቱን አገኘና ቆነጠጠ፤ መውጣትም ጀመረ። ድጋፉ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፣ እንጨቱን ከዳር ሆነው የሚስቡበት ገመድም ተበጠሰ።

«ኖራው ገና እርጥብ ነው!» ብላ ጮኸች ሰልሚና።

«መስመሬ ያለ ኖራም ይቆማል፣ ድንጋዩ ልክ ከሆነ» አላት አባ ቀርሚስ። «ልክ መሆኑን የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ።»

ገመዱ ስለሌለ እንጨቱን ለመጣል አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ ወደ ድጋፉ እግር ወርዶ ድጋፉን ወጥሮ የያዘውን የመጨረሻውን ሽብልቅ በመዶሻ መምታት። የመታው ሰው ከእንጨቱ ጋር ይወርዳል። ሁለት ወጣት ግንበኞች ሲንደረደሩ ባልጋድ በክንዱ ገፋቸው።

«ሽብልቅ የገንቢው ነው» አለና ወረደ።

ሰልሚና እንደ መሐላዋ ከቅስቱ ሥር፣ ከግንቡ እግር ላይ ተቀመጠች። በእሷና በባልጋድ መካከል ዐሥር እርምጃ ቢሆን ነው። የአውሬው ትንፋሽ የሞቀ ጭቃ ሆኖ ፊቷ ላይ ይረጫል።

«ጋሼ ባልጋድ፣ ሌላ ገመድ እስኪመጣ—»

«ገመዱ ሲመጣ እሱም ይመጣል! ስሚኝ ልጄ፤ ያለ ቃልሽ አልመታም። አንዴ ያለ ቃል ዝም ብያለሁ፣ ይበቃኛል። ሥራዬ እንዴት ነው?»

አንዲት ቃል ብትዋሽ ከዚያ ይወጣ ነበር። «ድንጋዩ ስንጥቅ አለበት» ብትል መዶሻውን ጥሎ ይወጣ ነበር። ሰልሚና ይህን ፈለገች፤ ከልቧ ፈለገች። ማዶ ዳር ላይ ግን ሰባቱ መንደሮች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል፣ እሷም ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሰምታቸዋለች።

«ልክ ነው» አለች።

«ጮክ በይ እንጂ! መርማሪ አይደለሽም?»

«ሥራህ ልክ ነው! ይነቀል!»

ባልጋድ ፈገግ አለና ሦስት ጊዜ መታ። እንጨቱ ሁሉ ተገነጠለ፤ እሱንና ዋልጋርን አንድ ላይ ጠቅልሎ ወደ ጎርፉ ወረደ፤ ያ ሁሉ ግንድ በአውሬው አንገት ላይ ተከመረ። ከላይ ቅስቱ አንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ። ድንጋዮቹ ከዳር እስከ ዳር በተራ ጮኹ፤ አንዱም አልታፈነም። ቆመ። ዋልጋር ሁለት ጊዜ ጥፍሩን በጥቁሩ ግንብ ላይ ሰደደ፣ ሁለት ጊዜ ተንሸራተተ፤ በሦስተኛው ጎርፉ ወሰደው።

ሰልሚና እያለቀሰች ወጣች። ልማዱ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሰው ሲሻገር መርማሪዋ በድልድዩ መሃል ትቆማለች። ሚራና የሌላ ሰው ልጅ አዝላ አለፈች፤ ንጉሡም እንስራውን እንደ ያዘ ሮጦ አቀፋት። መንደር መንደርን እየተከተለ ተሻገረ። በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ የደከመች አሮጊት አዝሎ መጣና ሰልሚና አጠገብ ሲደርስ አሮጊቷ እንዲቆም ትከሻውን መታችው።

«ልጄ፣ ገንቢው ባልጋድ የት አለ? እናቱ መጣች በዪልኝ።»

ሰልሚና ደነገጠች። ንጉሡ «ልጄ ማዶ ናት» እያለ ሲጮኽ ያ አፈኛ ሰው አጠገቡ ነበር፤ ስለ እናቱ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በጉልበቷ ተንበረከከችና ሁሉንም ነገረቻት። የእንጨቱን፣ የሽብልቁን፣ የመዶሻውን። «ይነቀል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች በመጨረሻ።

የአሮጊቷ ዓይን ቅስቱን ከዳር እስከ ዳር ለካው።

«አውርደኝ» አለችው የተሸከማትን ሰው።

«እግርዎ አይችልም እኮ፣ እማማ።»

«አውርደኝ አልኩህ! በልጄ ሥራ ላይ በሰው ጀርባ አልሻገርም።»

አወረዳት። ሰልሚና ክንዷን ዘረጋችላት፤ አሮጊቷ ግን አልያዘችውም። ነጠላዋን በወገቧ አጥብቃ፣ አንድ እግሯን አስቀድማ ሌላውን እየጎተተች፣ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ቀስ ብላ ተሻገረች።