የኩምሳ ክፍል ግድግዳ

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ...

ባለፈው ጥር፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሱሉልታ። ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ኑሃ እባላለሁ። ከኩምሳ ጋር ኬሚስትሪ ተምረናል። ሁለት ዓመት ሙሉ በኮምፒውተር አንድ ሲሙሌሽን ስንሠራ ከረምን፤ አንዲት የሃይድሮጅን አቶም ከሞለኪውል ጋር ስትጋጭ የሚያሳይ። አቶሟ ፊት የጉልበት ግድግዳ አለ። ለመዝለል አቅም የላትም። ግን አንዳንዴ... ሳትዘለው ማዶ ትገኛለች። ኳንተም ነው።

ሐሳቡ የኩምሳ ነበር። ኮዱም አብዛኛው የእሱ።

ኅዳር ላይ ኩላሊቱ ገደለው። የምርምር ጽሑፋችንን ለጆርናል በስሜ ብቻ ላክሁት። የሞተ ሰው አይከስስም ብዬ።

የቀሩት ፋይሎች እሱ ኮምፒውተር ላይ ስለነበሩ እናቱ ቤት ሄድኩ። አዴ ጠጅቱ አገላብጠው ሳሙኝ።

"ኮቱ፣ ነይ ልጄ። ክፍሉ ከቀብሩ ወዲህ አልተከፈተም።"

በሩ ጋ ቆምን። ቁልፉ አልዞር አላቸው።

ከውስጥ የኮምፒውተር ማራገቢያ ይሰማል...

"አዴ፣ መብራት መጣ እንዴ?"

"ኧረ ከሄደ ሦስት ቀኑ።"

ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ይቀዘቅዛል።

ከዚያ... ሞቀኝ።

ፊት ለፊቴ የኩምሳ ኮምፒውተር በርቷል። የኛው ሲሙሌሽን እየሠራ ነው። አቶሟ ከግድግዳው ወዲህም ወዲያም ትታያለች።

ዞር አልኩ። በሩ ዝግ ነው። አዴ ጠጅቱ ከውጭ አሁንም ቁልፉን ያንቀጫቅጫሉ።

ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

አዴ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው።

"ልጄ... ጽሑፉ ላይ የኩምሳዬን ስም አስገባሽለት አይደል?"

ከበሩ ማዶ መልስ መጣ።

"አዎ አዴ። ከኔ ስም በፊት ነው ያለው።"

ድምፁ የኔ ነው።

እኔ ግን አልተናገርኩም።

"ጋለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ። አሁን ብሞትም አይቆጨኝ" ብለው አለቀሱ።

ቁልፉ ዞረ።

አዴ ጠጅቱ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ውስጥ አዩ። እኔ የቆምኩበትን አዩት። እኔን አላዩኝም።

ክንዳቸውን የደገፈች ሴት አለች። ሻርፑ የኔ። ጫማው የኔ። ፊቷም...

እሷ አየችኝ።

"ማንም የለም አዴ" አለች በሹክሹክታ።

በሩንም ቀስ ብላ ሳበችው።