የቄሱ እናት

ፈትለወርቅ ጠዋት ጠዋት ፊቷን የምትታጠበው በረንዳው ጫፍ ላይ፣ የጣሪያው ውሃ ከሚጠራቀምበት በርሜል አጠገብ ነበር። ታጥባ ስትጨርስ በርጩማዋን ወደ ፀሐይ ትስብና የድምፅ መቅጃዋን ባትሪ ታያለች፤ ከዚያ እማማ ደብሪቱ ቁርስ ይዘው እስኪወጡ ድረስ ቁልቁል የወይራ አፋፍን መንደር እያየች ትቀመጣለች። የታሪክ መምህር ናት፤ የሰው ዘር ስትቆጥር መዋል ሥራዋም ሱሷም ነው። ይህኛው ቆጠራ ግን የራሷ ጉዳይ ነበር።

ጥር ላይ ይትባረክን ልታገባ ነው። አባቷ አቶ ዘለለው «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን ለማንም አልሰጥም» ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው። የእሷ ወገን ተቆጥሮ አልቋል። የይትባረክ ግን ስድስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። እዚያ የተቀመጠው ያኮብ ሬንደል የሚባል ፈረንጅ ነው፤ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ከቅኝ ገዥዎች መርከብ ወርዶ፣ እነሱ ጠረፉን ይዘው ሲቀሩ እሱ መጽሐፍ ቅዱሱንና የመድኃኒት ሣጥኑን በበቅሎ አስጭኖ ወደ ደጋው የወጣ ሚስዮናዊ ቄስ። ፈረንጅ ከሆነ እናቱም ፈረንጅ ናት፤ ምን ያከራክራል? ዘሩን የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ግን ተያዩና «የነጩ ቄስ እናት የወይራ አፋፍ ሰው ናት ሲባል ሰምተናል» አሉ። የፈትለወርቅ ቅድመ አያት ደግሞ የወጡት ከዚሁ አገር ነው። እንግዲህ ሰባተኛዋ ሴት ማን እንደሆነች ካልታወቀ ሠርግ የለም።

ይትባረክ ራሱ በመኪናው አምጥቶ አያቶቹ ተወለዱበት ከተባለው ከአሮጌው የሚስዮን ቤት አደረሳት። ቤቱን ለሚጠብቁት ለእማማ ደብሪቱ አስረክቧት ሲመለስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «የሚሰጡሽን ነገር እንዳትመልሺባቸው፤ ይቀየማሉ» አላት። እሷም የአማት ቤት ወግ መስሏት ሳቀች።

ቤቱ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ፣ ወለሉ ጣውላ፣ መስኮቱ ጠባብ ነው። ሰው ሲራመድበት ወለሉ ይንቋቋል፤ ሰው ሳይራመድበትም ይንቋቋል፤ ያረጀ ቤት ነውና ይህ አያስደንቅም። ያስቸገራት ሽታው ነበር። መጀመሪያ የማር ሽታ ነው፤ ደስ ይላል። ትንሽ ሲቆይ ከማሩ ሥር ሌላ ሽታ ይመጣል፣ ጡት ጠብቶ የተኛ ሕፃን አንገት ሥር የሚጠራቀመው የኮመጠጠ ወተት ዓይነት፣ ግን ሕፃኑን ለወራት ያላጠቡት ይመስል የከረመ። ነጠላዋ ውስጥ ገባ፣ ፀጉሯ ውስጥ ገባ፣ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። ጥርሷን ፍቃ ስትጨርስም እዚያው ነበር።

የእማማ ደብሪቱ ቀኝ አውራ ጣት ሁልጊዜ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነው። ጨርቁ ጫፉ ላይ እርጥብ ነው፤ ጠዋትም ማታም እርጥብ ነው። በዚያው እጃቸው ያቦካሉ፣ በዚያው ወጥ ያወጣሉ፣ በዚያው ያጎርሳሉ። ፈትለወርቅ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትቀበል ጨርቁ ከንፈሯን ነካት፤ ለብ ያለና የሚያዳልጥ ነበር። ዋጠችው፤ ምን ታድርግ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል የኔ ልጅ» አሉና ሁለተኛውን ጠቀለሉ። በጉርሻ ላይ ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሳቸው በርበሬው መስሏቸው ውሃ አቀበሏት።

ከምግብ በኋላ ማር ይመጣል። ወፍራም፣ ጠቆር ያለ፣ በሸክላ ሳህን። አንድ ቀን ከማሩ ውስጥ ቀጭን ቀይ ፀጉር ስባ አወጣች፤ ስትስበው የሚያልቅ አልመስል አላት። የእማማ ደብሪቱ ፀጉር ነጭ ነው፣ የሷ ጥቁር ነው። ፀጉሩን ከበርጩማው ሥር ጠርጋ ዝም አለች። ዝም ያላሰኛት ሌላ ነገር ነበር፤ በረንዳው በዝንብ የተሞላ ሆኖ ሳለ፣ ዝንቦቹ ወጡን፣ ውሃውን፣ የሷን ዓይን ሳይቀር ሲወሩ፣ ማሩ ላይ አንድም አያርፍም።

«ዝንብ የማይነካው ለምንድን ነው እማማ?»

«የሰው ነዋ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «የራሱ ያልሆነውን አይነካም።»

ስለ ቄሱ እናት ስትጠይቃቸው «ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለሽ» ነው መልሳቸው። ስለዚህ ወደ መንደሩ ወረደች። ወፍጮ ቤት ተራ የምትጠብቅ አንዲት ባልቴት አገኘች፤ «የቄሱን እናት? እንዴታ! አያቴ ውሃ ትቀዳላት ነበር። በለጥሻቸው ትባላለች» አለቻት። ፈትለወርቅ ደስ ብሏት ስሙን መዘገበች። ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ የሚሞቁ፣ ዕድሜ ልካቸውን የመንደሩን መቃብር ሲቆፍሩ የኖሩ ጋሽ ድንበሩ የሚባሉ ሽማግሌ ጋ ሄዳ ያንኑ ጠየቀች።

«ኧረ የቄሱን እናት የቀበርኳት እኔው ነኝ» አሉ። «የውብዳር ነበር ስሟ፣ ነፍሷን ይማረው።»

«ጋሽ ድንበሩ፣ ቄሱ እኮ የመጣው እርስዎ ሳይወለዱ ነው። እናቱን እንዴት ቀበሩ?»

«በአካፋ ነዋ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ወረደ። «ገላዋ ደህና ነበር። እጇ ግን... አጣቢዎቹ ሴቶች እጇን እያዩ ውጭ ወጥተው ሲያስታውኩ አይቻለሁ። እስከ አንጓው ድረስ አልቆ፣ ነጭ ሆኖ፣ አጥንቱ የተላሰ ይመስል ነበር።»

ፈትለወርቅ የተማረ ሰው ናትና መላ አላጣችም። ወጉን ታውቀዋለች። በድሮ ዘመን ባዕድ ሰው ከለላ ሲፈልግ ባለ ርስት ዘንድ ይቀርብና የጡት ልጅ ይሆናል፤ ጌታው ወይም እመቤቲቱ አውራ ጣታቸውን ማር ይቀቡለታል፣ እሱ ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ ልጅ ነው፤ ይመገባል፣ ይጠበቃል፣ ይወርሳል። ያኮብ ሬንደልም የአገሩን እመቤት ጣት ጠብቶ ነው መሬቱን ያገኘው ማለት ነው። የሥጋ እናት ካልሆነች ደም የለም፣ ደም ከሌለ ሠርጉ አለ። የስሞቹ መለያየት ደግሞ «የቄሱ እናት» የማዕረግ ስም ቢሆን ነው፤ ቤቱን ለሚጠብቁት ሴቶች የሚሰጥ። ይህን ለጋሽ ድንበሩ በደስታ ስታስረዳ ሽማግሌው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሟት።

«ልክ ነሽ፣ የጡት ልጅ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ችግሩ ጡት የሚያስጥለው አለመገኘቱ ነው። እናት ታልቃለች፣ እናት ይለወጥለታል፣ እሱ ያው ልጅ ነው።» ይህን ሲሉ የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ቀኝ እጇን ነበር። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች፤ ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም።

ወደ ቤቱ ስትመለስ ለይትባረክ ደወለች። «የጡት እናቱ ናት፤ ደም አያገናኘንም፤ ና ውሰደኝ፣ ይህ ቤት አስጠልቶኛል» አለችው። «ስሟን ከእማማ አፍ ስሚ፣ ለአባትሽ የምንነግረው እሱን ነው» አላት። «ነገ ረፋድ ላይ እመጣለሁ።»

በማግስቱ እማማ ደብሪቱ ሳትጠይቃቸው ተነሡ። ፀሐይዋ ወጥታለች፣ ዶሮዎቹ ግቢውን ይጭራሉ፣ ሩቅ የወፍጮው ሞተር ይሰማል። «ነይ፣ የቄሱን እናት ስም እነግርሻለሁ» ብለው እስከዚያ ቀን ተቆልፎ ያየችውን የጸሎት ክፍል ከፈቱላት። ሽታው እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ፊቷ ላይ ተለጠፈ። ከመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ያሳያል፤ ጢሙን ያጎፈረ፣ ጉንጩ የሞላ ፈረንጅ ቆሟል፣ አጠገቡ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፣ ቀኝ አውራ ጣቷ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የሴትዮዋ ፊት ከድካም ብዛት ባዶ ነው። የሰውዬው አፍ ግን፣ ጢሙ መሐል፣ እንቅልፍ ወስዶት እንኳ እንደሚጠባ ሕፃን ሾል ብሏል።

ከመሠዊያው በታች፣ ወለሉ ውስጥ እስከ አንገቱ የተቀበረ ትልቅ ጋን ነበር። አፉ ድረስ ማር ሞልቶታል። የምትበላው ማር ከየት ይቀዳ እንደነበር ፈትለወርቅ አሁን አወቀች።

«አውራ ጣትሽን አጥቅሺ» አሉ እማማ ደብሪቱ። «ስሟ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ወጉ ነው።»

ወጉን አውቀዋለሁ ብላ አሰበች፤ አጥቅሳ የምትልሰው፣ ለቤቱ ልጅ የምትሆነው እሷ መሰለቻት። የቤቱ ልጅ ብትሆን የይትባረክ ዘመድ ልትባል ነው፤ ግን ማን አየ፣ ላስመስልና ልገላገል፣ ውጭ ወጥቼ እታጠበዋለሁ አለች። የአባቷ ፊት፣ የሠርጉ ድንኳን፣ ረፋድ ላይ የምትመጣው መኪና ታዩዋት። ተንበርክካ ትንፋሿን ያዘችና ጣቷን ማሩ ውስጥ ከተተች።

ማሩ ለብ ያለ ነበር። ላዩ ቀስ ብሎ ሞገድ ሠራ። ከሥር አንድ ለስላሳ ነገር ጣቷን ዳሰሰው፣ ፈለገው፣ አገኘው። ጥርስ የሌለው ድድ ነበር። ምላሱ ከጥፍሯ ሥር ተሽሎክልኮ ገባና መጥባት ጀመረ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ለመደ። አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ ሲፈነዳ ያ የኮመጠጠ ወተት ሽታ አፏ ውስጥ ገባ። ቀይ ፀጉሮች በማሩ ፊት ላይ ተበተኑ። ጮኸች፤ እጇን ሳበች፤ በሳበች ቁጥር ድዱ ይጠብቅና ከሥር የመነፋረቅ ድምፅ ይሰማል፣ የትልቅ ሰው ጉሮሮ ያለው የሕፃን ልቅሶ። እማማ ደብሪቱ ከኋላዋ ትከሻዋን ይዘው «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» ይላሉ፤ ለማን እንደሚሉት አይታወቅም።

ሲጠግብ ለቀቃት።

ግድግዳውን ይዛ ያጎረሷትን ሁሉ አስታወከች። የወጣው ከሞላ ጎደል ማር ነበር። ጣቷ ውሃ ውስጥ እንደ ከረመ ሬሳ ነጥቶ ተጨማድዷል፤ ጥፍሯ ይንቀሳቀሳል። እማማ ደብሪቱ የራሳቸውን ጨርቅ ፈትተው ጣሉ። ከጨርቁ የወጣውን ነገር አንዴ አየችው፤ ዳግመኛ አላየችውም። ከጉያቸው ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አወጡና የሷን ጣት እንደ እናት በጥንቃቄ ጠቀለሉላት።

«እኔም ሰባት ቤት ልቆጥር ነበር የመጣሁት» አሉ። ድምፃቸው የተገላገለ ሰው ድምፅ ነበር። «ሙሽራ ነበርኩ።»

«ስሟን ንገሪኝ!» ፈትለወርቅ አንቱታውን ረሳችው። «የቄሱ እናት ማናት?»

«ፈትለወርቅ» አሏት አሮጊቷ።

የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። እየተደናቀፈች በረንዳው ላይ ወጣች፤ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። ይትባረክ ከመኪናው ወርዶ ግቢው መሐል ቆሟል፣ ያው ረጅሙ ይትባረክ፣ ያው ሰማያዊ ሹራቡ። እማማ ደብሪቱ ቀድሞ የተቋጠረ ጓዛቸውን አንስተው፣ አልፈዋት ወርደው፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ቤቱ ዘወር ብለው አላዩም። ይትባረክ ከኋላ አንድ ቆርቆሮ ትኩስ ማር አወረደና በረንዳው ላይ አኖረው።

«ውሰደኝ» አለችው፤ ማልቀሷን ያወቀችው ድምፅዋን ስትሰማ ነው። «ይትባረክ፣ በእግዚአብሔር፣ ውሰደኝ።»

ጣቷ ላይ ያለውን ጨርቅ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው እጮኛ ቀስ ብሎ ጠፋና በቦታው ጨዋ፣ አክባሪ የልጅ ልጅ ቆመ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጉንጯን ሊስም አልቀረበም፤ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጉልበቶቿን በተራ ሳመና፣ «ደህና ይዋሉ እማማ፤ ሲርበው ያለቅሳል፣ ይሰማዎታል» አላት።