የቀትሯ ተሳፋሪ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱም እንኳን ጠፋ። የምትፈሩት ጨለማን ነው አይደል? ይህ ግን በጨለማ አልሆነም። በቀትር ነው የሆነው፤ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ጥላ እግር ሥር በሚገባበት ሰዓት። መንገዱ ጭር ብሏል። ዛፍ የለ፣ ከብት የለ፣ ሰው የለ። ነጭ አቧራ ብቻ።

በዚያ መንገድ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ይመጣል። የሚነዳው ደምሰው የሚባል መሐንዲስ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።

ደምሰው ማን ነበር? ድልድይ የሚሠራ ሰው ነበር። አለቃው ንድፉን ለወጠበት፤ ብረቱን ቀነሰበት። ድልድዩ ፈረሰ። ማን ተባረረ? አለቃው? ኧረ ወዲያ! አለቃውማ ተሾመ። የተባረረው ደምሰው ነው።

ሚስቱ እልፍነሽ «ተወው በቃ» አለችው። «ልጅ የለን፣ ምን ይይዘናል? ቤት በሚሆን መኪና አገሩን እንዙር። እስከ ባሕሩ እንሂድ።»

አሮጌ አውቶቡስ ገዙ። ከፊት ካሉት ከሁለቱ በቀር ወንበሮቹን ነቀሉ። አልጋ አስገቡ፤ ቡታጋዝ አስገቡ። እሷ መጋረጃ ሰፋች፤ ለስንቅ ዳቦ ቆሎ ቆላች።

«መቼ እንነሳ?»

«አቤቱታዬ መልስ ያግኝ። ማኅተም ያለው ወረቀት ልያዝ እንጂ፣ በማግስቱ እንነሳለን።»

ዳቦ ቆሎው ነቀዘ። እንደገና ቆላች። «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ማኅተሙን?» እያለች ትስቅበት ነበር።

ስንት ዓመት የጠበቁ ይመስላችኋል? ዘጠኝ ዓመት! ዘጠኝ ጊዜ ቆላች። በዘጠነኛው ታመመች፤ ሞተች።

ደምሰው ዐርባዋን አወጣና ብቻውን ተነሳ። የአቤቱታውን ፋይል፣ ማስረጃው ሁሉ ያለበትን፣ ግን አልተወም። አጠገቡ፣ በእሷ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

እንግዲህ ቀትር ሆነ። ከኋላ መጋረጃው ተከፈተ። «ነፋስ ነው» አለ። ነፋስ ነበር ወይ? መስኮቶቹ እኮ ሁሉም ዝግ ናቸው።

ትንሽ ሄደ። ከኋላ ቆርጠም፣ ቆርጠም የሚል ድምፅ ሰማ። ሰው ዳቦ ቆሎ ሲበላ እንደሚሰማው። «አይጥ ነው» አለ። ዞሮ ግን አላየም። ለምን አላየም? ፈራ።

ትንሽ ሄደ።

«ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ፣ ደሜ።»

ዞር አለ። እልፍነሽ በተገነዘችበት ነጭ ልብስ አጠገቡ ተቀምጣለች። ፋይሉ ጭኗ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ትጮሁ ነበር። እሱ አለቀሰ።

«መጣሽ?»

«መች ቀረሁ? ስንቁን ይዤ ስጠብቅህ ነበር።»

ያ የፈረሰው ድልድይ ጋ ደረሱ። እንደገና ተሠርቷል። በማን ንድፍ? በደምሰው ንድፍ! ስሙ ግን የለበትም።

«አቁም» አለችው። ወረዱ። ፋይሉን ሰጠችው። «ወንዙ ውስጥ ጣለው። እስከ ባሕሩ አብሬህ እሄዳለሁ። ካልጣልከው ግን እዚሁ እቀራለሁ።»

«እልፌ፣ ይሄ እኮ እውነቴ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም።»

«አውቃለሁ። እኔስ?»

ተበድሏል፤ አልተበደለም ብሎ ማንም አይከራከረኝ። «እሺ፣ አንዴ ብቻ ልየውና» አለ። ከፈተው። አንዱን ገጽ አነበበ። ሁለተኛውን አነበበ። የአለቃው ፊርማ ያለበት ላይ ሲደርስ ደሙ ፈላ። እንደገና አነበበው።

ቀና ሲል ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እልፍነሽ የለችም።

«እልፌ!» እያለ ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር ሮጠ። ያን ጊዜ ጣለው። አዎ፣ ጣለው። ወረቀቱ እየተገለባበጠ ወንዝ ገባ። ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በማግስቱ ሰዎች አውቶቡሱን አገኙት። ደምሰውን ግን አላገኙትም።

ስለዚህ ልንገራችሁ። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ካለ ዛሬውኑ ተነሱ፤ ብቻችሁን መንገድ አትውጡ። በዚያ ድልድይ በቀትር ካለፋችሁ ደግሞ በሩን ቆልፉ። ሹፌሮች ሁሉ ይቆልፋሉ። ልክ በስድስት ሰዓት አንድ እርጥብ እጅ መስታወቱን ይመታል። ድም! ድም! ድም! ከዚያ ባዶ መዳፉን ያሳያል፦

«እልፌ፣ ጣልኩት እኮ! ጣልኩት! ክፈቺልኝ!»