የሽንኩርት መጋዘኑ ሐኪም

ሲስተር ትርንጎ ጠዋት ጠዋት ፋሻ ታጥባለች።

የሽንኩርት መጋዘኑ በር ሲከፈት ጠባቂው አንድ ባልዲ ውሃ ያስቀምጥላታል፤ እሷም የትናንቱን ፋሻ አጥባ፣ ጨምቃ፣ የመስኮቱ ብረት ላይ ታሰጣዋለች። ውጊያው ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ወታደሮች መጋዘኑን እስር ቤት አደረጉት፤ እሷንም ከጤና ጣቢያው ከነነጭ ጋውኗ ይዘው እዚህ አስገቧት። ክስ የለም፤ ዳኛ የለም። ለምን እንደታሰረች በጠየቀች ቁጥር የወታደሮቹ አዛዥ ሻለቃው በትሕትና፣ «ይጣራል፣ ሲስተር» ይላታል።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል ሥራ የሚጀምረው ፋሻው ሳይደርቅ ነው። መጀመሪያ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ቀጥሎ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ አየሩን ሲሰነጥቅ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ፤ ቆይቶ ደግሞ የሰው የማይመስል ድምፅ። የበሰበሰ ሽንኩርት ሽታ ከደምና ከተቃጠለ ፀጉር ጋር ተቀላቅሎ በበሩ ሥር እየተሳበ ይገባና ጉሮሮዋ ላይ ይቀመጣል። ጸጥ ሲል ይጠሯታል። ቁስል ታጥባለች፣ የተሰበረ አጥንት ታስራለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች። ሰውየው ነፍስ ሲዘራ ሻለቃው፣ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ያሰናብታታል። በሩ ከኋላዋ እንደተዘጋ ወንበሩ እንደገና ይጎተታል።

እስረኞቹ እሷን ሲያዩ ወደ ግድግዳው መሸሽ የጀመሩት መቼ እንደሆነ አላስተዋለችም።

አንድ ቀን መሬት ላይ የጠበቃት ሰው ጥጋቡ ሆነ፤ የመጀመሪያ ልጁን ያዋለደችለት የአውቶቡስ ሹፌር። የእግሩ ጥፍሮች የሉም። ጎንበስ ስትልለት በተሰባበሩት ጥርሶቹ መሐል አንሾካሾከ።

«ሲስተር፣ ባዋለድሻት ልጄ ይዤሻለሁ፣ አታድኚኝ።»

ጣቷን አንገቱ ላይ አሳረፈች። ልቡ ይመታል። እዚህ የሞተውን ከአጥሩ ውጭ ይጥሉታል፤ ዘመድ መጥቶ ያነሳል። እሱንም ሚስቱ ብታነሳው፣ ብትደብቀው፣ ብታስታምመው...

«ዓይንህን እንዳትገልጥ» አለችው በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አልፏል» አለች።

ሻለቃው ሰውየውን ሳይሆን እሷን ትክ ብሎ አያት።

«ነፍስ ይማር። እንግዲያ ይኼንን እንኳ በወጉ እንቅበረው። አንቺም ነይ፤ ታውቂው የለ?»

ጉድጓዱ ከመጋዘኑ ጀርባ ተቆፍሮ ነበር። ጥጋቡን እጅና እግሩን ይዘው ወረወሩት። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እውነቱን ብትናገር ያ ወንበር አለ፤ ለእሱ፣ አሁን ደግሞ ለእሷም። አፈሩ ደረቱ ላይ ሲያርፍ ጥጋቡ ጣቶቹን ጨበጠ እንጂ ዓይኑን አልገለጠም። ቀስ በቀስ ፊቱም ተሸፈነ።

ከአፈሩ ሥር የታፈነ ሳል ተሰማ።

ወታደሮቹ አካፋቸውን ገታ አደረጉ። ሻለቃው ወደ እሷ ዞረ። ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ ሳለች፤ ደግማ ሳለች፤ አካፋዎቹ እንደገና አፈር መዛቅ እስኪጀምሩ ድረስም ሳሏን አላቋረጠችም።