ድልድዩን ያልተሻገረው መዝገብ

መምህር ፊንታን ሃርሊ ከቤታቸው ደረጃ ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ የተገኙት ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ያገኛቸው ወተት ሊያደርስ የመጣው ጎረቤታቸው ፒደር ቱሂ ነበር። የጎርቲን መንደርም ጣቱን ፒደር ላይ ለመቀሰር እስኪነጋ አልጠበቀም።

ኢንስፔክተር ዶናል ሌነሃን አርብ ጠዋት ሲደርስ አስከሬኑ ተነሥቷል። ዶናል ፊደል የቆጠረው በእኚህ ሰው እጅ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ ሐዘን፣ ቀጥሎም ንዴት መጣበት። ንዴቱ ይሻላል፤ ቢያንስ ሥራ ያሠራል።

ጠረጴዛው ላይ ባለው የጽሕፈት መኪና ውስጥ አንድ ወረቀት እንደተሰካ ነበር፦ «ቶማስ ቱሂ፣ ትውልዱ ጎርቲን፣ በ1868 ተጠመቀ። ወደ ደብሊን ሄዶ ልጆች ወለደ። የኪልብሮና ቤተክርስቲያን መዝገብ፣ ገጽ 43።» ከጎኑ ያለው የመምህሩ ማስታወሻ ደብተር የመጨረሻ ቅጠሉ ተገንጥሏል።

የወረቀቱ ትርጉም ለማንም ግልጽ ነው። የጎርቲን እርሻ ባለቤት ማርቲን ቱሂ ባለፈው ክረምት ልጅ ሳይተካ ሞቷል። እርሻውን ሃያ ዓመት ያረሰው የታናሽ ወንድሙ ልጅ ፒደር ነው። ከዚያ ሬድመንድ ቱሂ የሚባል ሰው ከደብሊን ደብዳቤ ጽፎ «የታላቁ ወንድም የቶማስ የልጅ ልጅ ነኝ» አለ። በሕጉ የታላቁ ዘር ሁሉንም ይወስዳል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሰውን የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ የኖሩት መምህር ፊንታን እውነቱን አጣርተው እንዲነግሯቸው ሁለቱም ተስማምተው ነበር። ወረቀቱ እንግዲህ ፒደርን መሬት አልባ ያደርገዋል፤ በመንደሩ አፍ ደግሞ ነፍሰ ገዳይ አድርጎታል።

ዶናል ፒደርን በረት ውስጥ አገኘው።

«ገደልካቸው ወይ በለኝና ይውጣልህ» አለ ፒደር ማለቡን ሳያቋርጥ።

«ወረቀቱን አይተኸው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ምድጃ ውስጥ አልከተትከውም?»

«የመምህሩን ወረቀት? ከመቃብር ተነሥተው በአርጩሜ ይለበልቡኛል!» ሁለቱም ሊስቁ ነበር፤ የፒደር ዓይን ግን እንባ አቀረረ። «ዶናል፣ እኔ ከዚህ መሬት ሌላ ምን አውቃለሁ?»

«አባትህ የት ነው የተጠመቀው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ሁላችን በተጠመቅንበት ነዋ።» በአገጩ ወደ ወንዙ ማዶ አመለከተ።

የኪልብሮናው ቄስ አባ ኮልማን ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መምህሩ ስለ ጎርቲን ሰው ሊጠይቁኝ መጥተው አያውቁም፣ ልጄ። የዚያ ዘመን መዝገብም ጣሪያው አፍስሶበት ገጽ ከገጽ ተጣብቆ እንጨት ሆኗል። ማንም አያነበውም።»

«መበላሸቱን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ጳጳሱ፣ እና ባለፈው ወር በደብዳቤ የጠየቀኝ የደብሊኑ ሰውዬ።»

ሬድመንድ ቱሂ ያረፈው ከተማው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ነው። ጫማው ያብረቀርቃል፤ የርስት ወረቀቶቹን በፈርጅ በፈርጁ አስቀምጧል።

«መምህሩን በአካል ያውቋቸዋል?»

«በጭራሽ፣ ኢንስፔክተር። እኔ የደረስኩት ሐሙስ በማታው ባቡር ነው። ያሳዝናል፤ ታላቅ ሰው ነበሩ ይላሉ።»

ዶናል ድልድዩን ተሻግሮ ከወንዙ ማዶ ባለው የባሊሮ ቤተክርስቲያን ሁለት ሰዓት ቆየ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ሦስቱንም በመምህሩ ክፍል ሰበሰባቸው፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ጎርቲን የተወለደ ሰው የጥምቀት መዝገቡ የት ይገኛል? አቶ ሬድመንድ?»

«ኪልብሮና ነዋ። የርስት ወረቀቱ ላይ ሁሉ 'ጎርቲን፣ ኪልብሮና አጥቢያ' ይላል።»

ፒደር ቀና አለ። አባ ኮልማን «የለም፣ የለም» አሉ በድንጋጤ። «እሱ የመንግሥት አጥቢያ ነው! የቤተክርስቲያኑ ሌላ ነው። የጎርቲን ሰው ሲጠመቅም ሲቀበርም ባሊሮ ነው።»

«መንግሥት መሬቱን ሲለካ በራሱ ወሰን ጻፈው» አለ ዶናል። «ቤተክርስቲያን ደግሞ የራሷ ወሰን አላት። ሁለቱ እዚህ አይገጥሙም። ይህን እኔን ክፍል ውስጥ አቁመው ያስተማሩኝ መምህር ፊንታን ናቸው፤ የጎርቲንን ልጅ ኪልብሮና ሊፈልጉ አይሄዱም። ስለዚህ ወረቀቱን እሳቸው አልጻፉትም። ፒደርም አይጽፈውም፤ ራሱን የሚያስነቅል ወረቀት ነው። የጻፈው አገሩን በርስት ወረቀት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። የመምህሩን እውነተኛ ማስታወሻ ገንጥሎ፣ ማንም እንዳያመሳክረው የተበላሸ መዝገብ መረጠ።»

«ግምት ነው!» አለ ሬድመንድ።

«ባሊሮ ያለው መዝገብ ግምት አይደለም። ቶማስ ቱሂ በ1868 ተጠመቀ፤ በስድስተኛው ቀን ተቀበረ። የእርስዎ አያት ስሙ ብቻ የገጠመ ሌላ ቶማስ ነው። ይኸው ደግሞ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ያስቀሩት የደብዳቤ ግልባጭ፦ 'ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። ያገኘሁትን ነገር ሰው ሳይሰማ ለእርስዎ ብቻ መንገር እፈልጋለሁ።' የአውቶቡሱ ሹፌርም ሐሙስ ጠዋት መስቀለኛው መንገድ ላይ ያወረደውን ባለ አብረቅራቂ ጫማ አልረሳውም።»

ሬድመንድ የገዛ ጫማውን አየ። «አባቴ ሲሞት እንኳ 'የእኛ አገር ጎርቲን ነው' እያለ ነው የሞተው። ሽማግሌው ትከሻዬን ይዞ 'ልጄ፣ ሰዎችህ ከዚህ አይደሉም' አለኝ። በለሆሳስ ነው ያለኝ። ገፋሁት።»

ዶናልን ከሁሉ ያንገበገበው ይህ ነበር፤ መምህሩ የሞቱት እንግዳውን በሰው ፊት ላለማሳፈር ብለው ነው።

ሬድመንድን ሲወስዱት አባ ኮልማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ቤተክርስቲያኔን ለቀብሩ ላዘጋጅ። ቅርቡ የእኔ ነው።»

«አባ፣ ይቅርታዎን» አለ ፒደር። «መምህሩ የጎርቲን ሰው ናቸው። ድልድዩን እኛ እናሻግራቸዋለን።»

በማግስቱ ሬሳ ሣጥኑን ከፊት በቀኝ በኩል ፒደር፣ በግራ በኩል ዶናል ተሸክመው ወደ ባሊሮ ተሻገሩ።